የክፍል ጓደኛዬ በ1993 ለተሰቀለ ሰው ያለቅሳል (ስለ ቤንጋሊዎች ቲቪ፣ ዜናና ወግ)

የሻርጃው · መጋቢት 29፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ትንሽ ያስቃል፤ ግን የምሬን ነው የምጠይቀው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትጋጩ።)

እዚህ ሻርጃ አንድ ክፍል ለአራት ነው የምንኖረው። ሁለታችን ሐበሻ ነን፤ አንዱ ኔፓላዊ፣ አንዱ የባንግላዴሽ ሰው። የባንግላዴሹ ሃምሳ ዓመቱን ደፍኗል። ሁላችንም "ባይ" ነው የምንለው፤ በነሱ ቋንቋ ወንድም እንደማለት ነው። ዝምተኛ ነው። ከሥራ ይገባል፣ ይታጠባል፣ ሩዙን ይጥዳል። ከዚያ ስልኩን የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ቲቪ ያያል። በቃ።

ኢድ ሰሞን ጣቢያዎቻቸው ለቀናት የበዓል ድራማ ይደረድራሉ። ባይ ዕረፍት ስለነበረ ሲያይ ከረመ። ባለፈው ሐሙስ ግን ምስሉ የደበዘዘ አሮጌ ድራማ ከፍቶ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ደነገጥኩ። ከቤት መርዶ የደረሰው መስሎኝ "ባይ፣ ምን ሆንክ?" አልኩት። በጣቱ ስክሪኑን አሳየኝ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነው። "ባኬር ባይ። ሰቀሉት" አለኝ።

መቼ?

"በ1993።"

ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት። ከዚያ በዐረብኛና በሂንዲ ቅልቅል እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲያስረዳኝ አመሸ። ድራማው በመንግሥት ጣቢያቸው በቢቲቪ የታየ ነው። ደራሲው ሁማዩን አህመድ ነው። ባኬር የሰፈር ጉልቤ ነው፤ ሰንሰለት በጣቱ እያሽከረከረ መንገድ ዳር ይቆማል። ግን ደካማ ሲነካ አይወድም። ባልሠራው ግድያ ተከሰሰ። የገዛ ጓደኛው ቦዲ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሐሰት መሰከረበት።

የመጨረሻው ክፍል ሳይታይ ሕዝቡ መጨረሻው ገባው። ሰው ሰልፍ ወጣ! ለድራማ! "ባኬር ባይ አንድ ነገር ቢሆን በየቤቱ እሳት ይነዳል" እያለ። ደራሲው ግን ንቅንቅ አላለም። ተሰቀለ። የኛ ክፍሉ ባይ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ከሰልፉ መሀል ነበርኩ ይላል።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ቤንጋሊዎችን ቀረብ ብላችሁ የምታውቁ፣ እነዚህ ሰዎች ከቲቪና ከሬዲዮ ጋር ያላቸው ነገር ምንድነው?

ቤሩት ያሳደገችኝ · መጋቢት 29፣ ከምሽቱ 5፡02

ሃሃሃ ቦዲን ግን ማን ይማረው!

ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከኛ ፎቅ በላይ የምትሠራ የባንግላዴሽ ልጅ ነበረች። እሑድ ዕረፍት ስንወጣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት እንካፈላለን። የምታየው ግን የሀገሯን ጣቢያ አልነበረም። ስታር ጃልሻን ነበር፤ የኮልካታውን። ኮልካታ ደግሞ ሕንድ ነው። ቋንቋው አንድ፣ ሀገሩ ሁለት። ይሄ ሲገባኝ ራሱ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ድራማው እንዴት መሰለህ? አማት በር ትከፍታለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ይወረወራል፦ ዱብ! አሁንም፦ ዱብ! ሦስተኛ፦ ዱብ! ከዚያ የምራቲቱ ፊት፣ ዱብ! ከዚያ ደጁ የቆመው ዘበኛ፤ ምንም አያገባውም፣ እሱም ዱብ! ማስታወቂያ። ሰዎቹ ሲተኙ እንኳ ከነጉትቻቸውና ከነሐብላቸው ነው። ቋንቋውን ሳልችል ሦስት ወር ተከታተልኩ። አማት ትርጉም አያስፈልጋትም።

ልጅቷ የነገረችኝን ልጨምርልህ። በ2014 ኢድ ፓኪ የምትባል የዚያ ጣቢያ ገጸ ባሕርይ የምትለብሰው ቀሚስ የባንግላዴሽን ዋና ከተማ ዳካን አሳበደ። "ፓኪ ቀሚስ" ነው ስሙ። ያልገዛ ሰው ለልጁ በዓል ያላደረገ ይመስል ነበር አለችኝ። እሷ ያንን ቀሚስ ለእህቷ ለመላክ የአንድ ወር ደመወዟን ግማሽ ከፍላለች። እኔ ሞኝ ነሽ አልኳት። ከዚያ ለእንቁጣጣሽ ለእህቴ ምን እንደላክሁ አስታወሰችኝ፤ ዝም አልኩ።

ዲሲ ታክሲ · መጋቢት 29፣ ከምሽቱ 5፡40

ባኬር ባይን አላውቀውም፤ ግን አሁን አሳዘነኝ። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ካለ ወዲህ በሉ።

ሰላሌው · መጋቢት 30፣ ከጠዋቱ 2፡15

ይቅርታ አድርጉልኝና የሰው ሀገር አማትና ምራት ምን ያደርግልናል? የራሳችን መች አነሰን።

ጋሽ ሬዲዮ · መጋቢት 30፣ ከጠዋቱ 4፡30

ልጆች፣ እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ፤ ቲቪ ብዙም አይሆንልኝም። ይህን ሳነብ ግን እጄ አላርፍ አለ። በወጣትነቴ፣ በ1970ዎቹ፣ ካልካታ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ ስሟ ኮልካታ አልሆነም።

የሻርጃው፣ የጠየቅኸውን በአንድ ጠዋት ልንገርህ።

ቤንጋሊ ሂንዱዎች ዱርጋ ፑጃ የሚሉት ትልቅ በዓል አላቸው። ከዋናው በዓል ሳምንት ያህል ቀድሞ ማሃላያ የሚባል ቀን ይውላል። የዚያን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት የካልካታ ሬዲዮ አንድ ፕሮግራም ያሰማል፤ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ። ዱርጋ የምትባለው አምላካቸው ጎሽ መሳይ አጋንንትን የገደለችበት ታሪክ ነው፤ በዜማና በንባብ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። አንባቢው ቢሬንድራ ክሪሽና ባድራ ይባላል። በመጀመሪያ በቀጥታ ነበር የሚሠሩት፤ በኋላ ቀረጹት። ቀኑ ወደ መስቀል ሰሞን ስለሚውል የኔን የሀገር ናፍቆት ያባብሰው ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ተኝቼ ነው። ከሁሉም መስኮት አንድ ድምፅ ይወጣል። የኔ ሬዲዮ ተዘግቷል፤ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። መንገዱ በሙሉ አንድ ሬዲዮ ሆኗል። ሰውየው ወደ ማብቂያው ድምፁ ይቀየራል፤ ሊያለቅስ ነው ወይስ ሊዘምር ነው ብለህ ትጠብቃለህ። ያከራየችኝ ባልቴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላ መሳይ ልብሷን ተከናንባ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያለሁ መሰለኝ።

ታዲያ በ1976 ጣቢያው አንባቢውን ቀየረ። ኡታም ኩማርን አመጡ። ኡታም ኩማር ማለት የቤንጋሊ ፊልም ንጉሥ ነው፤ ሴቱም ወንዱም የሚያብድለት። ይወደድልናል ብለው መሆን አለበት። ሌሊት 10 ሰዓት ሆነ። ባልቴቷ ሬዲዮውን ከፈተች። ሌላ ድምፅ ወጣ። ዘጋችው። መልሳ ከፈተችው፤ ጣቢያ የተሳሳተች መስሏት ቁልፉን ወዲህ ወዲያ አዞረች። ከዚያ እኔን ቀሰቀሰችኝ። "አንተ የሬዲዮ ተማሪ አይደለህ? ተበላሽቷል፣ ሥራልኝ" አለችኝ።

ያልተበላሸ ሬዲዮ እንዴት ይሠራል? ሲነጋ ከተማው በሙሉ ተቆጣ። ጣቢያው አልቻለም፤ በዚያው በዓል ሳምንት የባድራን ቅጂ መልሶ አሰማ። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ሰውየው ሞቷል፤ ድምፁ ግን ዛሬም በማሃላያ ሌሊት ይወጣል።

ልጄ፣ የነሱ ነገር እንዲህ ነው። ድምፅ ይለምዳሉ። የለመዱትን ድምፅ ስትነካባቸው ግን ዘመድ የነካህባቸው ያህል ነው።

ዲሲ ታክሲ · መጋቢት 30፣ ከቀኑ 6፡10

ጋሼ ይህን በነፃ ነው የሚጽፉልን? እጅዎን ያቆይልን።

መምህር ዘ · መጋቢት 30፣ ከምሽቱ 1፡45

ወንድም ሰላሌው ለጠየቀው "ምን ያደርግልናል" መልስ ልሞክር። ቤንጋሊዎች ድራማቸውንና ሬዲዮናቸውን እንዲህ የሚይዙት ቋንቋቸው በደም ስለተዋጀ ነው። ግነት አይደለም።

በ1947 ሕንድ ስትከፈል ምሥራቅ ቤንጋል ከፓኪስታን ጋር ሆነ። በ1948 መሪው ጂናህ ዳካ መጥቶ የመንግሥት ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ነው አለ። ከሀገሩ ሕዝብ የሚበዛው ግን የቤንጋሊ ተናጋሪ ነበር። ነገሩ ሲብላላ ቆይቶ ፌብሯሪ 21 ቀን 1952 የዳካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰልፍ ክልከላውን ጥሰው ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ። ረፊቅ፣ ሰላም፣ በርከት፣ ጀባር ከሞቱት ውስጥ ናቸው። ተማሪዎቹ በሌሊት የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙ። ፖሊስ በቀናት ውስጥ አፈረሰው። አሁን ዳካ ላይ የቆመው ትልቁ ሸሂድ ሚናር ከዚያ የመጣ ነው። በየዓመቱ ያንን ቀን ሰው በባዶ እግሩ አበባ ይዞ ይሄዳል፤ ቲቪዎቻቸው በቀጥታ ያሳያሉ። ዩኔስኮ በ1999 ቀኑን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አለው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባነር ሰቅለን የምናከብረው ቀን ማለት ነው። ስንቶቻችን ከየት እንደመጣ እናውቃለን?

አሁን ለኛ ለባለ 13 ወሮቹ የሚጥመንን ልንገራችሁ። ቤንጋሊዎችም የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። ዘንድሮ (በ2025) በሚያዝያ 6 ማለትም በኤፕሪል 14 ባንግላዴሽ ውስጥ 1432 ይገባል። የምዕራብ ቤንጋል ሕንዶች ደግሞ በማግስቱ ነው የሚያከብሩት፤ አንድ ዘመን መለወጫ በሁለት ቀን! ባንግላዴሽ አቆጣጠሩን አስተካክላ ኤፕሪል 14 ላይ ስላቆመችው ነው። ግን በማስተካከሉ አንድ ችግር ተፈጠረ። ተማሪዎቹ የሞቱበት ቀን በራሳቸው አቆጣጠር ፋልጉን በሚሉት ወር 8ኛው ቀን ነበር። በአዲሱ ስሌት ያ ቀን ፋልጉን 9 ላይ ወደቀ። በ2019 ወራቱን እንደገና አስተካከሉ፤ የአንዱን ወር ቀን ጨምረው፣ የአንዱን ቀንሰው፣ ፌብሯሪ 21ን መልሰው ፋልጉን 8 ላይ አስቀመጡት። ለሞቱት ስም ሲሉ የዓመቱን ወራት ያዛነፉ ሰዎች ናቸው። እኔ ይህን ሳነብ ብድግ ብያለሁ።

ሰላሌው · መጋቢት 30፣ ከምሽቱ 2፡20

እሺ መምህር፣ ተረታሁ። የአማቷን ድራማ ግን አሁንም አላይም።

ኤዲተሯ · ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 9፡00

እኔ አዲስ አበባ በትርጉም ድራማ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። ይሄ ክር ለኔ የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ቃና በኤፕሪል 2016 ሲጀምርና የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያወራ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ምግብ ይቃጠል ነበር። የኛ የፊልምና የቴአትር ሰዎች ደግሞ እንጀራችን ተወሰደ ብለው ተቃወሙ። እንደዚህ የሆነው እኛ ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር። ኋላ ሳነብ ለካ በአምስት ወር ቀድማን ዳካ ላይ ያው ተጀምሯል! ኖቬምበር 2015 ዲፕቶ ቲቪ የሚባል አዲስ ጣቢያ ሱልጣን ሱሌይማን የሚባለውን የቱርክ ድራማ በቤንጋሊ አስወርቶ ከፈተ። ሀገሩ ተገለበጠ። በዓመቱ፣ ኖቬምበር 30 ቀን 2016፣ ተዋንያንና ዳይሬክተሮች ሸሂድ ሚናር ጋ ተሰበሰቡ፤ የውጭ ድራማ ተተርጉሞ መታየቱ ይቁም ብለው። ቦታውን ልብ በሉ። መምህር ዘ የነገሩን ሐውልት ነው። ለቋንቋ የሞቱት ልጆች ፊት ቆመው ነው የተሟገቱት።

አሁን የሙያ ነገር። ሰው ሁሌ ይጠይቀኛል፣ "ቱርክኛ እንዴት እንዲህ አፉ ላይ ልክ ይገባል?" ሚስጥሩ ግሥ ነው። ቱርክኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። አማርኛም እንደዚያው። ቤንጋሊም እንደዚያው። ተዋናዩ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ መጨረሻ ላይ "...ገደልኩት" ሲል ሦስቱም ቋንቋ እዚያው ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ከእንግሊዝኛ ስትተረጉም ግን "ገደልኩት" መጀመሪያ ይመጣና ፊቱ ሌላ፣ ቃሉ ሌላ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን ያልቃል።

ሌላው "አንተ" እና "አንቱ" ነው። ቤንጋሊ ሦስት ደረጃ አለው። "አፕኒ" ለትልቅና ለማያውቁት ሰው፣ "ቱሚ" ለቅርብ፣ "ቱይ" ደግሞ ለልብ ጓደኛ፣ ለሕፃን ወይም ለንቀት። ወንድና ሴት ግን አይለዩም። ድራማቸው ላይ ወንዱና ሴቷ ለአሥር ክፍል በ"አፕኒ" ያወራሉ። ከዚያ አንድ ዝናባማ ማታ እሷ ሳታስበው "ቱሚ" ትላለች። በቃ! መሳሳም የለ፣ መተቃቀፍ የለ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ጮኸ። ፍቅሯን ተናገረች ማለት ነው። እኔ ይህን ወደ አማርኛ ባመጣው ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" መውረድ ነው፤ ያስኬዳል። ወደ እንግሊዝኛ ሲያወጡት ምን እንደሚያደርጉ እንጃላቸው።

ቤሩት ያሳደገችኝ · ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 10፡12

ኤዲተሯ ነፍሴ!!! ለዚያ ነዋ ያቺ ልጅ ምንም ባልሆነበት ትዕይንት ክንዴን ቆንጥጣኝ የጮኸችው!

ያቺው የኮልካታ ጣቢያ ነገር ግን ዳካ ላይ ቀላል አልነበረም። ከፓኪ ቀሚስ በኋላ ሦስት የሕንድ ጣቢያዎች ይዘጉ ተብሎ ፍርድ ቤት ተኬደ፤ በ2017 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ውድቅ አደረገው። በ2021 ኦክቶበር ደግሞ መንግሥት ማስታወቂያ ያለበት የውጭ ጣቢያ አይገባም አለና የኬብል ሰዎች ጣቢያዎቹን አጠፉ። ያኔ እኔ ሀገሬ ገብቻለሁ፣ እሷ ዳካ ገብታለች። "አማቲቱ ምስጢሩን ልታወጣ አንድ ቀን ሲቀራት ጠፋብኝ" ብላ በድምፅ መልእክት አለቀሰችብኝ።

የሚያበሽቃት ደግሞ ሌላ ነው። "እኛ የነሱን እናያለን፣ እነሱ የኛን አያዩም" ትላለች። እውነቷን ነው፤ የባንግላዴሽ ጣቢያ ኮልካታ ቤቶች ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ቢቲቪ እንኳ የሕንድ መንግሥት ነፃ ዲሽ ላይ የገባው በ2019 ነው።

ሳልረሳው፤ ኮልካታ ላይ የሴቶች ጨዋታ ፕሮግራም አለ፣ ዲዲ ናምበር ዋን የሚባል። ዲዲ እህት ነው። አቅራቢዋ ራቻና ባነርጂ በ2024 ተወዳድራ ፓርላማ ገባች። የቤት እመቤቱ ሁሉ እህቴ ብላት ስትኖር ድምፅ ማን ይከለክላታል!

የሻርጃው · ሚያዝያ 2፣ ከምሽቱ 5፡30

ኧረ ምን ጉድ ነው የቆሰቆስኩት። ለባይ እየተረጎምኩለት ነው። ለጋሽ ሬዲዮ ሰላም ብሏል፤ ግን እሱ ሙስሊም ስለሆነ ማሃላያን አያውቀውም። "የኛ ደግሞ የኢድ ጨረቃ ስትታይ ቢቲቪ የናዝሩልን ዘፈን ይለቃል፤ ያንን ሳልሰማ ኢድ አይገባም" አለኝ። ናዝሩል ትልቅ ባለቅኔያቸው ነው።

ስለ ሬዲዮም ነገረኝ። የሱ ሀገር ፓብና ነው። እዚያ ኢሽዋርዲ አካባቢ "ቢቢሲ ባዛር" የሚባል ገበያ አለ። እውነተኛ ስሙ ነው! በ1971 ከፓኪስታን በተላቀቁበት የነፃነት ጦርነት ጊዜ አንድ ሻይ ቤት ሬዲዮ ነበረው። ሰው ማታ ማታ ተደብቆ እዚያ ተሰብስቦ የቢቢሲን የቤንጋሊ ዜና ይሰማ ነበር። "የት ትሄዳለህ?" "ቢቢሲ።" እንዲያ እያለ ገበያው ቢቢሲ ባዛር ሆኖ ቀረ። ጋሼ፣ የቢቢሲ የቤንጋሊ ሬዲዮ በ1941 ተጀምሮ በ2022 መጨረሻ መዘጋቱን ሰምተዋል? ገበያው አለ፤ ሬዲዮው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ራሴ ያየሁትን ልጨምር። ጁላይ 2024 ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ተማሪዎች ተነሥተው ነበር። ጁላይ 18 ማታ ባይ እንደ ልማዱ ስልኩን ቆርቆሮው ላይ አቆመ። ቢቲቪ የለም። ሌላ ጣቢያ ሞከረ። የለም። የቢቲቪ ሕንፃ ራምፑራ ላይ ተቃጥሎ ሥርጭቱ ተቋርጧል፤ ኢንተርኔቱም ያን ማታ በሀገር ደረጃ ጠፋ። እናቱ ጋ ደወለ፤ አይገባም። ለቀናት ድምፅ አልሰማም። ይሄ ስሜት ለኛ አዲስ አይደለምና አብሬው ቁጭ አልኩ። የዋትሳፕ አንዷ ግራጫ ምልክት ላይ እንደ ሐውልት ፈጦ አደረ።

እዚሁ ኤምሬትስ ውስጥ ደግሞ 57 የሀገሩ ልጆች ሰልፍ ወጣችሁ ተብለው ተፈረደባቸው፤ ሦስቱ ዕድሜ ልክ። በሴፕቴምበር ምሕረት ተደረገላቸው። እስከዚያ ባይ ዜና የሚያየው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ነበር።

አወያይ · ሚያዝያ 2፣ ከምሽቱ 6፡00

ከዚህ በኋላ ያለውን ፖለቲካ እዚሁ እንተወው። ሁለት አስተያየት ሰርዣለሁ። ድራማውን ቀጥሉ።

መምህር ዘ · ሚያዝያ 3፣ ከጠዋቱ 3፡10

ፖለቲካ ካልሆነ ታሪክ ይፈቀድልኝ፤ አጭር ናት። የዳካ ቴሌቪዥን የተከፈተው ዲሴምበር 25 ቀን 1964 ነው፤ ያኔ የፓኪስታን ጣቢያ ነበር። ማታ ሥርጭት ሲያበቃ ባንዲራ ይታያል፣ መዝሙር ይሰማል። በ1971፣ ማርች 23፣ የፓኪስታን ቀን ነው። ሠራተኞቹ ያንን ባንዲራ በዚያ ቀን ላለማሳየት ቆረጡ። ግን እንቢ ቢሉ ወታደር ደጅ ቆሟል። ምን አደረጉ? ሥርጭቱን አላቆሙም። ዘፈን፣ ሌላ ዘፈን፣ አሁንም ሌላ። ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን አለፈ። ቀኑ ማርች 24 ሆነ። ያን ጊዜ ነው የዘጉት።

ብልጥ ሰው ሕግ አይጥስም፣ ሰዓት ያሳልፋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ዘመን መለወጫቸው። በ1967 የፓኪስታን መንግሥት የታጎርን ዘፈን ከሬዲዮ ሊያስወጣ ተነሣ። በ1913 ኖቤል የወሰደው የቤንጋሊው ባለቅኔ ታጎር ነው። በዚያው ዓመት ቻያናት የሚባል የሙዚቃ ማኅበር ራምና መናፈሻ ዛፍ ሥር ጎሕ ሲቀድ የዘመን መለወጫ መዝሙር ጀመረ። ዛሬም እዚያው ዛፍ ሥር ይዘፍናሉ። በ2001 እዚያው ቦምብ ፈንድቶ 10 ሰው ሞቷል። በዓመቱ ተመልሰው ዘፈኑ። ከዚያ ቀጥሎ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ግዙፍ የወረቀት ጉጉትና ነብር እየተሸከሙ ይሰለፋሉ። ከ1989 ጀምሮ ነው፤ ዩኔስኮም በ2016 መዝግቦታል።

ጋሽ ሬዲዮ · ሚያዝያ 4፣ ከቀኑ 8፡20

ቢቢሲ ባዛር! ልጄ ባይህን እጅ ንሣልኝ። መዘጋቱን ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ሻይ አልጠጣሁም።

እናንተ ቲቪ፣ ሬዲዮ ትላላችሁ። ከሁለቱም በፊት ስለነበረው ዜና ልንገራችሁና ላብቃ። ከካልካታ ወደ ምዕራብ፣ ፒንግላ አካባቢ፣ ናያ የምትባል መንደር አለች። ፓቱዋ የሚባሉ ሠዓሊዎች ይኖሩባታል። ረጅም ጥቅልል ላይ ታሪኩን ከላይ ወደ ታች በሣጥን በሣጥን ይሥላሉ። ከዚያ መንደር ለመንደር እየዞሩ ጥቅልሉን ቀስ እያሉ ይዘረጋሉ፤ በጣታቸው ሥዕሉን እየነኩ ይዘፍኑታል። አንዱ ሣጥን ሲያልቅ ቀጣዩን ይፈታሉ። ስክሪን ማለት ይህ አይደል?

አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የሚሥሉት ግን የሂንዱ አማልክትን ጭምር ነው። ዜናም ይሥላሉ። የኒው ዮርኮቹ ሕንፃዎች ሲወድቁ ሣሉት፣ ዘፈኑት። ሱናሚው ሲመጣ ሣሉት፤ ማዕበሉን ትልቅ አፍ ያለው አጋንንት አድርገው። አንዱ ተማሪ ሳለሁ ደጃችን መጥቶ ስለ ጎርፍ ዘፈነ። የዘፈነለት ጎርፍ ካለፈ ሳምንቱ ነበር። ባልቴቷ ጋዜጣውን አንብባ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ግን እሱን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው። ሩዝ ሰፍራ ሰጠችው።

እኛም እኮ "እረኛ ምን አለ?" እንል ነበር።

ዲሲ ታክሲ · ሚያዝያ 4፣ ከቀኑ 9፡05

ኒው ዮርክ ስሄድ ጃክሰን ሃይትስ የቤንጋሊ ሻይ ቤት ገብቼ ነበር። ሁሉም ታክሲ ነጂ ነው፤ ሁሉም ይጮኻል። ጠብ መስሎኝ ልወጣ ስል አንዱ ያዘኝና "ተቀመጥ፣ አዳ ነው" አለኝ። አዳ ለነሱ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ዓላማ የሌለው ረጅም ወሬ ነው። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ገቢዬ ዜሮ። አልተቆጨሁም።

ኤዲተሯ · ሚያዝያ 4፣ ከምሽቱ 3፡00

መምህር ዘ፣ ሰልፉን "የመልካም ምኞት ሰልፍ" ነበር የሚሉት፤ ትናንት ስሙን ቀይረው "የደስታ" አድርገውታል። የስም ጭቅጭቅ በዓሉ ሳይገባ ተጀምሯል። ቲቪዎቻቸው ሲያወሩ ያደሩት ስለዚያ ነው።

የሻርጃው · ሚያዝያ 6፣ ከምሽቱ 4፡45

ቤተሰብ፣ ዛሬ 1432 ገባ። እኛ ደግሞ ሰሞነ ሕማማት ላይ ነን። አስቡት።

ባይ ትናንት ማታ የተረፈውን ሩዝ ውኃ ሞልቶበት አሳደረው። እኔ ሊጥለው መስሎኝ ልደፋው ነበር፤ እጄን ያዘኝ። "ፓንታ" ይሉታል። ጠዋት ከጥሬ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከተጠበሰ ኢሊሽ ዓሣ ጋር ይበሉታል። ዓሣውን ከባንግላዴሽ ግሮሰሪ በረዶ ሆኖ ነው ያመጣው፤ ዋጋውን አትጠይቁኝ። ክፍሉ በሙሉ ዓሣ ዓሣ ሸተተ፤ ኔፓላዊው መስኮት ከፈተ። ባይ የኔን ድርሻ ለየልኝ። ሕማማት ነው፣ አልችልም አልኩት። ጾም ያውቃልና አልተጫነኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩዙን በቃሪያና በሽንኩርት ብቻ በላሁ። ቀዝቃዛ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል። እንዴት ቀዘቀዘኝ መሰላችሁ፤ ይሄ ሙቀት እንዲህ ያለ ምግብ ነው የሚፈልገው።

ማታ ወደ ግሮሰሪው ይዞኝ ሄደ። ባለቤቱ የሀገሩ ሰው ነው። ዛሬ "ሃልካታ" ነው አለኝ። ነጋዴ አሮጌውን የዱቤ መዝገብ ዘግቶ አዲስ ይከፍታል፤ በቀይ ጨርቅ የተለበጠ። ደንበኛው ያለበትን ይከፍላል፣ ጣፋጭ ይጎርሳል። ሰውየው ካልኩሌተር ጎን ቀዩን መዝገብ አስቀምጦ፣ ነጭ ኳስ ኳስ የሚያህል ጣፋጭ በሣህን ይዞ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ቲቪው የራምናን ዘፈን ይደግማል።

ባይ ከፈለ፣ ጎረሰ። እኔም ተራዬ ደረሰ። ኪሴን ዳበስኩ። ደመወዝ ገና ነው።

ሰውየው ሳቀና ጣፋጩን ለባይ አስያዘው፤ ለፋሲካ ይቆይለት ብሎ። ከዚያ አዲሱን መዝገብ ገለጠ። የመጀመሪያው ገጽ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን በቤንጋሊ ጻፈ። አጠገቡ 47 ድርሃም።